አሁን እንግዛው ወይስ እንቆይ?



ውድ አንባቢያን፣ በየቤቱ አንድ ቀን የማይነሳበት ጊዜ የሌለ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ዕቃ አሁን እንግዛው ወይስ እንቆይ?» የሚለው ነው። በሬ ለሚገዛ ገበሬ፣ ድርና ማግ ለሚያከማች ሸማኔ፣ ለክረምት ጤፍ ለሚያስቀምጥ አባወራ ጥያቄው አንድ ነው። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ለአንዳንድ ወላጆች ስሙ እንግዳ፣ ለወጣቶች ደግሞ የዕለት ተዕለት ወሬ ስለሆነ ዕቃ ነው። ይህም ግራፊክስ ካርድ የሚባለው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ግዢ ይመስላል። በእኛ ቤት ግን የጣሪያ፣ የተማሪዎች ፈተናና የቤተሰብ ስምምነት ጉዳይ ሆኖ ከኅዳር እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ሲያነጋግረን ከርሟል። ምናልባት በዚህ ዓይነት ሐሳብ ላይ ላለ ቤተሰብ ይጠቅም እንደሆነ በማለት የሆነውን እንደሆነ እናቀርበዋለን።

የነገሩ አጀማመር

የምንኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በምትገኘው ግንደወይን፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ነው። በልጅነታችን ማለዳ ከሸኻችን ዘንድ ሉሕ ይዘን ስንቀራ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ደብተር ይዘን መንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ አድገን፣ ዛሬ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነናል።

እንደሚታወቀው በክልላችን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት ሁኔታ ነበር። ተማሪው ከክፍል ራቀ። ፈተናው ግን አልራቀም። በሀገር አቀፍ ደረጃ እንኳ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርቱ ሳይቋረጥበት የተማረው ይህን ያህል ከወደቀ፣ ወራት ያለፉበት የእኛ ልጅ ምን ሊሆን ነው? እያልን እንጨነቅ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ሐሳብ መጣልን። በጠመኔ ለማሳየት የሚያስቸግሩትን የፊዚክስ ትምህርቶች፣ ማለትም ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚሆነውን፣ ፈሳሽ በጠባብና በሰፊ ቧንቧ ሲያልፍ የሚያሳየውን ለውጥ፣ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርተን በአማርኛ እያብራራን ብናዘጋጅስ? ቪዲዮው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚገለበጥ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው። በቤታችን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጥቶ የተሸጠ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አብሮን የሚኖረው የእህታችን ልጅ፣ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው፣ በዚህ ሥራ ከእኛ የበለጠ እጁን አፍታቶ ነበር። በመሆኑም 14 ትምህርቶችን መርጠን፣ ለእያንዳንዳቸው የ2 ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማዘጋጀት ዕቅድ አወጣን።

ታዲያ ችግሩ ወዲያው ተከሰተ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለት በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕሎች ተከታትለው ሲያልፉ የሚታይ ነው። ለ2 ደቂቃ 2,880 ሥዕል ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሥዕል ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ የሚያወጣበት ሥራ ሬንደር ይባላል። የእኛው አሮጌ ኮምፒውተር ለአንዱ ሥዕል 40 ሰኮንድ ይፈጅበታል። ቢባዛ 32 ሰዓት ይሆናል። ለ14ቱ ትምህርት ቢታሰብ ደግሞ 448 ሰዓት! ከዒሻእ በኋላ አስጀምረነው እንተኛለን፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ለሱብሒ ስንነሳ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ሦስት ጊዜ ከደረሰብን በኋላ የእህታችን ልጅ፣ «ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርድ ካልገዛን ይህ ሥራ ለፈተናው አይደርስም» አለን።

ለመሆኑ ዕቃው ምንድን ነው?

ለማያውቁት አንባቢያን በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክር። የኮምፒውተር ዋናው አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። ይህ ከባድ ኪታብ እንደሚያቀራ አንድ ዐሊም ነው። የመጣለትን አስቸጋሪ ጉዳይ ሁሉ በየተራ ይፈታል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሉሕ ይዞ በአንድ ጊዜ እንደሚቀራ የመድረሳ ልጅ ብዛት ነው። አንዱ ልጅ ከዐሊሙ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሥራው ቀላልና እጅግ ብዙ ሲሆን፣ እንደ ሥዕል ነጥብ ያለ ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ሲሆን፣ ብዛት ያሸንፋል። ለምሳሌ ኤንቪዲያ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ 3,584 ትናንሽ የስሌት ክፍሎችና 12 ጊጋባይት የራሱ ሚሞሪ አለው። የአንዱን ትምህርት ፋይል በፍላሽ ባሕር ዳር ላለ ወዳጃችን ልከን በዚሁ ካርድ ቢሞክረው፣ እኛ ዘንድ 40 ሰኮንድ የሚፈጀውን ሥዕል በ6 ሰኮንድ አወጣው። 32 ሰዓት የነበረው ከ5 ሰዓት በታች ሆነ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ልባችን ሸፈተ።

ዋጋውን አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ በስልክ ጠየቅን። 52,000 ብር አለን። በቤታችን የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ 58,000 ብር ነው። እሱም ባለቤታችን ከዕቁብ የወሰደችውና ከደመወዛችን የቆጠብነው ተደምሮ፣ የሚያፈሰውን የቤታችንን ቆርቆሮ ለማስቀየር የተቀመጠ ነበር።

ባለቤታችን ነገሩን በጽሞና ካዳመጠች በኋላ፣ «ስማኝማ፤ ጣሪያውም ከክረምት በፊት፣ ትምህርቱም ከፈተና በፊት ነው የሚፈለገው። የሁለቱም ቀጠሮ አንድ ነው። ገንዘቡ ግን ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ለተማሪዎችህ ስትል የልጆችህን መኝታ ታስመታለህ?» አለችን። መልስ አጣን። እውነቷን ነበርና።

«ግዙ» የሚሉና «ቆዩ» የሚሉ

ወሬው ከቤት ወጣ፤ ወዳጅ ዘመድም ሐሳቡን ይሰጥ ጀመር። ከፊሉ «ቆዩ» አለን። ምክንያታቸውም የኮምፒውተር ዕቃ እያደር ይረክሳል፤ አዲሱ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል የሚል ነው። በውጭ ሀገር ገበያ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያን ሰሞንም ኤንቪዲያ አዲስ ትውልድ ካርድ ሊያወጣ ነው ይባል ነበርና ወጣቶቹ «እስከ ጥር ታገሡ» ይሉን ነበር።

ከፊሉ ደግሞ «ዛሬውኑ ግዙ» አለን። የእነዚህም ምክንያት ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። እስቲ እናስላው። አርቲኤክስ 4060 የሚባለው ካርድ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ትተን በ57 ብር ብናባዛው 17 ሺህ ብር ገደማ ነው። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው 299 ዶላር 36 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ዕቃው በዶላር አልተወደደም፤ በእኛ ኪስ ግን ዕጥፍ ሆነ። ስለዚህ «ቢቆይ ይረክሳል» የሚለው ምክር ዶላር ለሚያገኝ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ደመወዙ በብር ለሆነ አስተማሪ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

ይሁን እንጂ «ሳይወደድ ግዛ» የሚለውም ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ዓለም በቺፕ እጥረት ተጨንቆ ሳለ፣ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሲባል ካርዶች በገፍ ይገዙ ነበር። በዚህም የተነሳ 329 ዶላር የተባለው አርቲኤክስ 3060 በብዙ ገበያ ከዕጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። «ከዚህም በላይ ይወደዳል» ብለው የተሻሙ ብዙዎች ናቸው። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን ግን፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ዋጋውም ወረደ። ተሻምተው የገዙት ቆጫቸው።

በዚህ ጊዜ አባታችንን (አላህ ይዘንላቸው) አስታወስን። ሸማኔ ነበሩ። በመኸር ገበሬው እጁ ገንዘብ ሲገባ ሸማ ይፈለጋልና ድርና ማግ ይወደዳል። አንዳንዱ ሸማኔ ገና በክረምት ተበድሮ ያከማቻል፤ አንዳንዱ ይረክሳል እያለ ሲጠብቅ ደንበኛ ያመልጠዋል። አባታችን ግን የገበያውን ወሬ አዳምጠው ሲያበቁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ማን ምን አዟል?» የታዘዘ ካለ በተወደደም ይገዛሉ፤ ያልታዘዘ ከሆነ በረከሰም አይገዙም። ያን ጊዜ ስስት ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን መወርወሪያቸው ሥራ የፈታችበት፣ ቤታቸውም በተከማቸ ድር የተጨናነቀበት ጊዜ እንዳልነበረ እናስተውላለን።

ከሸኻችን ዘንድ

ነጋዴው ሌላም መንገድ አሳየን። «ጥሬ ገንዘብ ከሆነ 52,000፣ በ6 ወር የሚከፈል ከሆነ 60,000» አለን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ደግሞ በወለድ ተበደሩና ጣሪያውንም ካርዱንም ጨርሱ አለን። የወለዱን ነገር ወዲያው አልተቀበልንም። የነጋዴው ግን ግራ ስላጋባን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሸኻችንን ጠየቅናቸው።

እሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። የዱቤ ዋጋ ከጥሬው ቢበልጥ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዱታል። ይህ የሚሆነው ግን ሻጭና ገዢ ሳይለያዩ በአንድ ዋጋና በአንድ ቀጠሮ ላይ ሲቆርጡ ነው። «ብትዘገይ ይህን ያህል ትጨምራለህ» የሚል ከተከተለው ግን ሪባ ይሆናል። በስልክ ብቻ የተገለጸ፣ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ጉድለቱ መነገር አለበት፤ ገዢም ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ የመመለስ መብት ሊኖረው ይገባል። ከዚያም ቀና ብለው አዩንና፣ «ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ይፈቀዳል ወይ ብለህ ነው፤ ይፈቀዳል። ያልጠየቅኸኝ ደግሞ ያስፈልገኛል ወይ የሚለውን ነው። ያን ከቤትህ ጋር ተማከር፤ ኢስቲኻራም አድርግ» አሉን።

ወደ ቤት ተመልሰን ይህንኑ ለባለቤታችን ነገርናት። እሷም ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣችና፣ «እንግዲያው ይህ ካርድ የሚሠራልህን ሥራ አንድ በአንድ ጻፍልኝ» አለች። ሦስታችን ቁጭ ብለን ጻፍን። ውድ አንባቢያን፣ ያ ወረቀት ከገበያው ወሬ ሁሉ የበለጠ ጠቀመን ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ የእህታችን ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የውስጡን ጽሑፍ አነበበ። የኃይል መስጫው፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ 240 ዋት ብቻ ነው። የፈለግነው ካርድ ለብቻው 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 550 ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ያሳስባል። ለካርዱ የሚሰካው ገመድም በእኛ ኮምፒውተር ላይ የለም። ስለዚህ 52,000 ብር ከፍለን ካርዱ ቢመጣ ኖሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ልንመለከተው ነበር!

ሁለተኛ፣ ቀደም ሲል የተገለበጠውን የብሌንደር መመሪያ ቁጭ ብለን አነበብን። እኛ ሥራው በቀጥታ እንደ ቪዲዮ እንዲወጣ እናዝዝ ነበር። ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ ሁሉም የሚበላሸው። መመሪያው ግን እያንዳንዱ ሥዕል ለየብቻው እየተቀመጠ እንዲወጣ፣ በመጨረሻም እንዲገጣጠም ይመክራል። እንዲህ ሲሆን መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሦስት ሌሊት ያጣነው በካርድ እጦት አልነበረም፤ ሳናነብ በመጀመራችን እንጂ።

ሦስተኛ፣ ለፊዚክስ ትምህርት የሲኒማ ጥራት አያስፈልግም። በሰኮንድ 24 የነበረውን ሥዕል ወደ 12 አወረድነው። ጥላውንና ነጸብራቁን ቀነስነው። 40 ሰኮንድ የነበረው 15 ሆነ። 1,440 ሥዕል በ15 ሰኮንድ ሲባዛ 6 ሰዓት ነው። አንዲት ሳንቲም ሳናወጣ 32 ሰዓት የነበረው ወደ 6 ወረደ።

በዚያው ሌሊት ወሰንን። ካርዱን እናቆየዋለን፤ ቆርቆሮው ግን ይገዛል። ይሁንና «እንቆያለን» ማለት እንዲሁ መተው እንዳይሆን፣ በወረቀቱ ግርጌ እስከ መጋቢት ድረስ ያለውን ሥራ አይተን እንደገና እንመካከራለን ብለን ጻፍንበት። ጥር ላይ 36,000 ብር ወጥቶ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። አልሐምዱሊላህ።

ሥራው ራሱ ሲናገር

እስከ መጋቢት ድረስ ያለቀው አምስት ትምህርት ነው። ስድስት ሰዓት ሳይቋረጥ የሚቆይ መብራት በየሌሊቱ አይገኝምና። ይህን እንኳ በትዕግሥት እንችለው ነበር። ሐሳባችንን የለወጠው ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው ትምህርት ማግኔት ወደ ጥቅል ሽቦ ሲገባ በሽቦው ውስጥ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚመለከት ነበር። ቪዲዮው ከተገለበጠ ከቀናት በኋላ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ፣ «ቲቸር፣ ቀስቱ የተገለበጠ አይደለም?» አለችን። ገብተን ብናየው እውነቷን ነው። ፍሰቱ የማግኔቱን መግባት መቃወም ሲገባው፣ እኛ ግን የሚያግዝ አድርገን ሥለነዋል። እንግዲህ ይታረም ከተባለ ሌላ 6 ሰዓት ሊሠራ ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ መብራቱ ጨርሶ አልተመቸንም። ይህን ስናስብ በልባችን ምን መጣ መሰላችሁ? «ትንሽ ቀስት ናት፤ በቃል እንነግራቸዋለን» የሚል። ከዚያ ደነገጥን። ቪዲዮው እኮ ከስልክ ስልክ እየተገለበጠ የማናውቀው መንደር ደርሷል። እዚያ ያለውን ልጅ በቃል ማን ይነግረዋል? በመድረሳ ሳለን አንዲት ሐረካ ብንስት ሸኻችን ከመጀመሪያው ያስመልሱን ነበር። ሰውን ማስተማር አማና ነው። ስሕተትን ለማረም የሚያሳንፍ መሣሪያ ደግሞ አስተማሪውን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል።

በመሆኑም ወረቀቱን እንደገና ዘረጋን። አሁን ጥያቄው «ይረክሳል ወይስ ይወደዳል?» አልነበረም። የቀረን ሥራ ዘጠኝ ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ መታረም አለበት፤ ኮምፒውተሩ 240 ዋት ነው፤ ገንዘባችንም ይኸው ነው። ለዚህ የሚስማማ ካርድ አለ ወይ? አለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 የሚወስደው 70 ዋት ብቻ ነው። ተጨማሪ ገመድ ሳያስፈልገው ከተሰካበት ከማዘርቦርዱ ኃይል ያገኛል። 2,304 የስሌት ክፍል አለው። ከመጀመሪያው ካርድ ያንሳል፤ ለእኛ ቤት ግን ልክ ነው።

ከቆርቆሮው የተረፈ 22,000 ብር ነበረን። ከደመወዛችን ያስቀመጥነውና የእህታችን ልጅ ለሰው ፎቶግራፍና የሠርግ ጥሪ እያዘጋጀ ያገኘው ተጨምሮ 33,500 ሞላ። ካርዱ 33,000 ነው ተባለ። ያገለገለ በርካሽ አለ ቢሉንም አልፈለግንም። አንድ ወዳጃችን ቀደም ሲል «ጥቂት የሠራ ነው» ተብሎ የገዛው ካርድ በሦስተኛው ወር ሥራውን አቁሞ ሻጩ ስልክ አላነሳ ብሎት ስለነበር ነው። ዕቃውን የሚያውቅ ዘመድ ሱቁ ሄዶ፣ በፊቱ ተሞክሮ፣ ያለ ዕዳ ተከፍሎ፣ በደጀን መንገድ በአውቶቡስ መጣልን። አንዱን ሥዕል በ4 ሰኮንድ አወጣው። 2 ደቂቃው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አላለፈም። የተገለበጠችው ቀስትም በዚያው ምሽት ከመተኛታችን በፊት ታረመች። በማግስቱ ያችን ተማሪ ጠርተን የታረመውን ለሁሉም እንድታዳርስ ሰጠናት።

ቆጨን ወይ?

እውነቱን መናገር ይገባል። መጀመሪያ የተመኘነው ካርድ በመጋቢት 57,500 ብር ገብቶ ነበር። ያኔ ሳይወደድ አለመግዛታችን 5,500 ብር አስከፈለን የሚል ሊኖር ይችላል። ያልገዛነው ዕቃ ግን ምንም አላስከፈለንም። ይልቅስ ገዝተነው ቢሆን ሌላ ፓወር ሰፕላይ፣ ምናልባትም ሌላ ኮምፒውተር ያስገዛን ነበር፤ ቤታችንም ክረምቱን ሲያፈስ ይከርም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ አዲሱን ትውልድ ብንጠብቅ ኖሮ፣ በ299 ዶላር የተተመነው አርቲኤክስ 5060 ለገበያ የቀረበው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። እሱም እኛ ዘንድ እስኪደርስ ተማሪው ወደ ፈተና ሊሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህም በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚፈለገው ሚሞሪ እጅግ በመጨመሩ የሚሞሪ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ማይክሮን የተባለው ታላቅ አምራች ክሩሻል በሚለው ስሙ ለተራው ሸማች የሚሸጠውን ሥራ እንደሚያቆም እስከ ማስታወቅ ደረሰ። «ቆይ ይረክሳል» ያሉን ወጣቶች ዛሬም እየቆዩ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ፈተና በሀገር ደረጃ ያለፉት 8.4 በመቶ ሆኑ። ከእኛም ተማሪዎች ያለፉ አሉ፤ ያላለፉም ብዙዎች ናቸው። ያለፉት በካርዱ አለፉ አንልም። አሥራ አራቱ ትምህርቶች ግን አልቀው፣ ታርመው፣ ከፈተናው በፊት በእጃቸው ነበሩ። እኛ ልንቆጣጠረው የምንችለው ይህን ያህሉን ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ልጆቻችሁ «ካርድ ግዙልን» እያሉ የሚያስቸግሯችሁ ወላጆች፣ ለጨዋታ ነው ብላችሁ ሳትሰሙ አታባርሯቸው፤ እንዲሁ ደስ ይበላቸው ብላችሁም አትግዙ። ወረቀት ስጧቸውና የሚሠሩበትን ሥራ ያስጽፉ። አሁን ባለው መሣሪያ ምን ያህል እንደሄዱ ያሳዩአችሁ። ኮምፒውተሩ ካርዱን ይሸከመው እንደሆነ ከፍተው ያንብቡ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ በቤተሰብ ፊት ይነገር። ሥራው በራፍ ላይ ቆሞ ከሆነ ግዙ፤ ዋጋው ነገ ቢወርድም አይቆጫችሁ። ሥራው ገና በሐሳብ ያለ ከሆነ ቆዩ፤ ነገ ቢወደድም አይቆጫችሁ። ስትቆዩ ግን እንደ እኛ ቀኑን ጽፋችሁ ቆዩ።

የእህታችን ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎኑን ወደ እኛ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሚሞሪው 6 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ሥራ አልችል እያለ ነው» አለን። እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት ባለቤታችን ተነስታ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣችለት።

አላህ በመልካም ሥራ ላይ ይወፍቀን፤ ሲሳያችንንም ሐላል ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።